ልክ አልይዝ ያለ ጠመንጃ፦ መነጽሩን ከሥሩ ፈትቶ መልሶ የመግጠም ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ሳይፈታ

ጠመንጃው የጓደኛዬ ነው። መዝጊያው በእጅ የሚሳብ፣ 7.62 ሚሊ ሜትር የአደን ጠመንጃ። ላዩ ላይ ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር አለ። የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ቱቦው 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለት ቀለበት ተይዞ አንድ ወጥ የአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ ተቀምጧል። ሐዲዱ በአራት ትንንሽ ብሎኖች ጠመንጃው ላይ ታስሯል።

ችግሩ ይህ ነው። ሦስት ጥይት ሲተኩስ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ይመታሉ። ቀጥሎ የሚተኩሳቸው ሦስቱ ደግሞ እነሱም ተጠጋግተው፣ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ይመታሉ። ከዚያ ተመልሶ ወደላይ ይወጣል። ጓደኛዬ መጀመሪያ ጥይቱን ጠረጠረ፣ ቀየረ። ለውጥ የለም። አሁን መነጽሩን ሊቀይር ተነስቷል።

እኔ ግን መነጽሩ ጥፋተኛ አይመስለኝም። የተበላሸ መነጽር ብዙ ጊዜ ጥይቱን ይበትነዋል። እዚህ ግን ጥይቶቹ አልተበተኑም። ሁለት ቦታ እየተቀያየሩ ነው የሚሰበሰቡት። ሁለት ቦታ መሰብሰብ ማለት አንድ ነገር ሁለት መቀመጫ አግኝቷል ማለት ነው። የሆነ መጋጠሚያ ልቅ ነው።

ስንት ቢንቀሳቀስ ነው ይህን የሚያህል ስህተት የሚመጣው? ስሌቱ ቀላል ነው። የፊተኛውና የኋለኛው መያዣ ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የፊተኛው 0.1 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል መነጽሩ ከሺህ አንድ እጅ ያዘነብላል። 100 ሜትር ላይ ከሺህ አንድ እጅ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር ደግሞ የአንድ ወረቀት ውፍረት ነው። በዓይን አይታይም፣ ዒላማው ላይ ግን ወለል ብሎ ይታያል።

አቅጣጫውም ፍንጭ ይሰጣል። መነጽሩ ከፊት ከፍ ካለ ወደላይ ያያል። ተኳሹ መነጽሩ ውስጥ የሚታየውን መስቀለኛ መስመር ዒላማው ላይ ለማሳረፍ ሲል በርሜሉን ዝቅ ያደርጋል። ጥይቱም ዝቅ ይላል። የጓደኛዬ ጠመንጃ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የምጠረጥረው የፊተኛውን ጫፍ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ምርመራ

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄው። ካዝናው ወጣ። መዝጊያው ተስቦ ወጣ። የጥይት መጉረሻውን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ። ጥይት የሚባል ነገር ሥራው ያለበት ክፍል ውስጥ አይገባም፣ ለሙከራ እንኳ። ይህን ሕግ የማይጠብቅ ሰው ጠመንጃ ላይ ባይሠራ ይሻላል።

ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ ጨርቅና ላስቲክ አድርጌ አሰርኩት፣ ሰደፉንም ብረቱንም ሳላስጨንቅ። መነጽሩን በመዳፌ ይዤ ወደ ጎንና ወደላይ ገፋሁት። ምንም አይነቃነቅም። ጓደኛዬም "ብሎኑ ጠብቋል እኮ! እኔም አይቼዋለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ በቁልፍ ሲሞከር ብሎኑ አይዞርም።

ግን ሌላ መንገድ አለ። ሐዲዱና የጠመንጃው ብረት የሚገናኙበት ስፌት ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አደረግሁ። ትርፉን ጠርጌ ስፌቱ ላይ ስስ መስመር ብቻ ተውኩ። ከዚያ በአንድ እጄ መነጽሩን ከፊት ወደላይ እየገፋሁ በባትሪ መብራት አየሁት። ከኋላ በኩል ዘይቱ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከፊት በኩል ግን ስገፋ መስመሩ ወደ ውስጥ ይመጠጣል፣ ስለቅ ተመልሶ ይወጣል። ስገፋ ይገባል፣ ስለቅ ይወጣል። ሐዲዱ ይተነፍሳል ማለት ነው። ለጓደኛዬ አሳየሁት። አጎንብሶ ደጋግሞ ካየው በኋላ "ታዲያ ብሎኑ ምን ያዘ?" አለ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መፍታት

ስፈታ ቅደም ተከተሉን እየጻፍኩ ነው። እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቀዳዳ ስም ካርቶን ላይ ሰካሁት። የፊት አንድ፣ የፊት ሁለት፣ የኋላ አንድ፣ የኋላ ሁለት። ብሎኖችን አንድ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቀላቅሎ ማስቀመጥ ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ከየት እንደወጣ የማይታወቅ ብሎን ምንም አይናገርም።

መጀመሪያ ቀለበቶቹ። የክዳኖቹ ብሎኖች ከልክ በላይ ጠብቀዋል። የአንዱ ቀለበት ክዳን በአንድ ወገን ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ በሌላው ወገን አፉን ከፍቷል። የገጠመው ሰው አንዱን ወገን ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የተሻገረው። ቱቦው ላይ የቀለበቱ ጠርዝ ቀጭን መስመር ጥሏል። በጣት ጥፍር ሲነካ ይሰማል እንጂ አልተጨፈለቀም። የማጉያው ማዞሪያ ከ3 እስከ 9 ሳይያዝ ይዞራል። ተመስገን። ቱቦው ቢጨፈለቅ ኖሮ ውስጡ ያለው ተንቀሳቃሽ ቱቦ ይታነቅና መነጽሩ ላይመለስ ይችል ነበር።

ከዚያ ሐዲዱ። የፊት ብሎኖቹን አውጥቼ ጫፋቸውን አየሁ። የሁለቱም ጫፍ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ትንሽ ክብ ነጥብ አለ። ቀሪው ብረት ጥቁር ነው። የኋላዎቹ ጫፍ ላይ ምንም ብልጭታ የለም። ጨዋታው እዚህ ጋ ነው ያለቀው።

ብልጭታው ብሎኑ የቀዳዳውን መጨረሻ ሲመታ የተፈጠረ ነው። የፊተኛው ቀዳዳ ድፍን ነው። ከሥሩ በርሜሉ የሚጠመዘዝበት ብረት አለ። ብሎኑ ከቀዳዳው ከረዘመ የብሎኑ ራስ ሐዲዱን ከመጫኑ በፊት ጫፉ መጨረሻው ላይ ይቆማል። ቁልፉ "ጠብቋል" ይላል። አዎ፣ ብሎኑ ጠብቋል። ሐዲዱ ግን አልታሰረም።

በካሊፐር ለካሁ። ቀዳዳው 4.2 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ብሎኑ ሐዲዱን አልፎ የሚወጣው 4.6 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 0.4 ሚሊ ሜትር። የዚህ ብሎን ጥርስ በአንድ ኢንች 48 ነው፣ ስለዚህ አንድ ሙሉ ዙር የሚያስጉዘው 0.53 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንድ ዙር ባነሰ ጉድለት ነው ጓደኛዬ ይህን ያህል ጥይት የጨረሰው።

የኋላ ብሎኖቹ ደግሞ አጫጭር ናቸው። ከፊቶቹ በ1.5 ሚሊ ሜትር ያንሳሉ። ሐዲዱ ከኋላ ወፍራም፣ ከፊት ስስ ነው። ይህ የሆነው የጠመንጃው ጀርባ ከኋላ ዝቅ ስለሚል ነው። ወፍራሙ ቦታ ላይ አጭር ብሎን ገብቶ ጠመንጃውን የያዘው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፣ ሦስት ጥርስ መሆኑ ነው። ማለትም መጀመሪያ የገጠመው ባለሙያ ረጅሞቹን ለፊት፣ አጫጭሮቹን ለኋላ አድርጓል። ተገላብጦ ነው የተገጠመው። ከፊት አይዝም፣ ከኋላ በስሱ ይዟል።

ቦታቸውን ስቀይር ልኬቱ ቁልጭ ብሎ መጣ። ከፊት 3.1፣ ከኋላም 3.1 ሚሊ ሜትር። ስድስት ጥርስ ገደማ በሁለቱም በኩል። አዲስ ብሎን መግዛት አላስፈለገም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሐዲድ ስትገጥሙ እያንዳንዱን ብሎን መጀመሪያ ያለ ሐዲዱ በጣት አስገቡት። ስንት ዙር እንደሚሄድ ቁጠሩ። ቀጥሎ ከሐዲዱ ጋር ቁጠሩ። ከሐዲዱ ጋር የሚሄደው ዙር ያለ ሐዲዱ ከሚሄደው እኩል ከሆነ ብሎኑ የቆመው ሐዲዱን ጭኖ ሳይሆን መጨረሻውን ነክቶ ሊሆን ይችላል። የኋላው ቀዳዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተበስቶ የሚያልፍ ነው። እዚያ የረዘመ ብሎን መዝጊያውን ያንቀዋል። ስለዚህ ካጠበቃችሁ በኋላ መዝጊያውን መልሳችሁ ሳቡት፣ ግፉት። የሆነ ቦታ ከተያዘ ብሎኑ ረዝሟል።

ቅዳሜ ማታ፣ ጽዳትና ሐዲድ

ማጽዳቱ ረጅሙ ሥራ ነው፣ ሰው ግን በጥድፊያ ያልፈዋል። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቆየ ዘይት አለ። ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት አልኮል ነክሬ አስገባሁ። ቡናማ ሆኖ ወጣ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋገምኩ። የብሎኖቹን ጥርስ በጥርስ ብሩሽ፣ የሐዲዱን ሆድና የጠመንጃውን ጀርባ በንጹሕ ጨርቅ። ለምርመራ ያደረግሁት ዘይትም አብሮ ወጣ። አሴቶን ይበልጥ ያጸዳል፣ ነገር ግን ቀለምና ፕላስቲክ ይበላል። ስለዚህ አልኮል ይበቃኛል።

ሐዲዱን ያለ ማጣበቂያ አስቀምጬ የኋላ ብሎኖቹን ብቻ ለስለስ አድርጌ አጠበቅሁ። ከዚያ ከፊት በኩል 0.04 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የብረት ልኬት ቅጠል ስፌቱ ውስጥ ለማስገባት ሞከርኩ። አይገባም። ግሩም። ቢገባ ኖሮ ሐዲዱና ጠመንጃው አልተጣጣሙም ማለት ነበር። እንደዚያ ሲሆን በብሎን ጉልበት መጎተት ሐዲዱን ያጎብጠዋል፣ የጎበጠ ሐዲድ ደግሞ ቱቦውን ያጎብጣል። መፍትሔው ክፍተቱን በኢፖክሲ ሙጫ ሞልቶ ማስተካከል ነው። እዚህ ግን አላስፈለገም።

አሁን ማጣበቂያው። ሰማያዊው፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ ነው የሚያስፈልገው። ቀዩን አትንኩት። እሱን ለመፍታት እሳት ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ብሎን ጥርስ ላይ አንድ ትንሽ ጠብታ። ጎርፍ አያስፈልግም። ድፍን ቀዳዳ ውስጥ የበዛ ፈሳሽ መውጫ ያጣና ብሎኑ እንዳይወርድ ይከላከላል።

ማጥበቁ በቶርክ ቁልፍ፣ የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ ቁልፍ ነው። ለሐዲዱ ብሎኖች የአምራቹ ወረቀት 2 ኒውተን ሜትር ይላል። ይህ ትንሽ ጉልበት ነው። ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ በጣት ብቻ ይገኛል። ብሎኖቹ 3.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው። እጃቸው ጠንካራ የሆኑ ሰዎች በእልህ ሲያጠብቁ ወይ የብሎኑ ራስ ይላጣል ወይ ጥርሱ ይበላል። "እጄ ያውቀዋል" የሚሉትን አከብራለሁ። ግን የአንዱ እጅ ከሌላው፣ የጠዋቱ እጅ ከማታው ይለያል። በቁጥር የጠበቀ ነገር ሲላላም በቁጥር ይታወቃል።

ከማጥበቄ በፊት ሐዲዱን ወደፊት ገፍቼ ያዝኩት። ከዚያ ከፊት አንዱን፣ ከኋላ አንዱን እያፈራረቅሁ፣ መጀመሪያ ግማሹን፣ ቀጥሎ ሙሉውን። መዝጊያውን አስገብቼ ሳብኩት፣ ገፋሁት። ነጻ ነው። የዘይቱን ምርመራ ደገምኩ። አሁን መስመሩ ከፊትም አይነቃነቅም። ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 24 ሰዓት ይፈልጋልና ሌላው ሥራ ለነገ ማታ ቆየ።

እሑድ ማታ፣ ቀለበቶቹ

ሐዲዱ ፒካቲኒ የሚባለው ዓይነት ነው። የአሜሪካ ጦር በ1995 መለኪያውን ደንብ አድርጎ አወጣው። ሐዲዱን አግድም የሚያቋርጠው ቦይ 5.23 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከቦይ መሐል እስከ ቦይ መሐል 10 ሚሊ ሜትር ነው። የጓደኛዬ ቀለበቶች ግን ዊቨር ለሚባለው የቆየ ሐዲድ የተሠሩ ናቸው። የዚያ ቦይ 4.57 ሚሊ ሜትር ነው። የዊቨር ቀለበት ፒካቲኒ ላይ ይገባል። የፒካቲኒ ቀለበት ግን ዊቨር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም።

ይገባል ማለት ግን ሞልቶ ይቀመጣል ማለት አይደለም። የቀለበቱ አግዳሚ ብሎን፣ ማለትም ቀለበቱን ሐዲዱ ላይ የሚያስረው፣ ቦዩ ውስጥ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይጫወታል። መሐል ላይ እንዳለ ቢጠብቅ ጠመንጃው ሲተኮስ ቦታውን ይቀይራል። ጠመንጃው በምቱ ወደኋላ ይሄዳል፣ መነጽሩ ግን በክብደቱ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ከጠመንጃው አንጻር ሲታይ መነጽሩ ወደፊት ይሸሻል ማለት ነው። ስለዚህ ቀለበቱ አስቀድሞ ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ተገፍቶ የቦዩን የፊት ግድግዳ ነክቶ ነው መጥበቅ ያለበት። ያኔ ጭነቱን የሚሸከመው ግድግዳው ነው። ብሎኑ ብቻውን አይታገልም። በዚህች ሥራ ላይ ያለኝ ትልቁ ምክር ይህ ነው። ወጪ የለውም፣ ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም።

በነገራችን ላይ፣ በስፕሪንግ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ያላችሁ ተጠንቀቁ። የእሱ ምት ሁለት አቅጣጫ አለው። ፒስተኑ ሲነሳ ጠመንጃው ወደኋላ፣ ፒስተኑ መጨረሻው ላይ ሲያርፍ ወደፊት ይመታል። በምቱ ትንሽነት እንዳትታለሉ። ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራ ጥሩ መነጽር እንኳ እዚያ ላይ ሊሰበር ይችላል። "ለስፕሪንግ የአየር ጠመንጃ ይሆናል" የተባለ መነጽር ግዙ፤ ቀለበቱንም የሚደግፍ ማቆሚያ ያለው ይሁን።

ቀለበቶቹ ቱቦውን እንዴት እንደሚነኩ ማየት ነበረብኝ። የታችኞቹን ግማሾች ውስጣቸውን በጥቁር ማርከር ቀባሁ። መነጽሩን አስቀምጬ በትንሹ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቀስኩትና አነሳሁት። የፊተኛው ቀለበት ቀለሙ አብዛኛው ለቋል፣ ጥሩ ነው። የኋለኛው ግን ጠርዙ ላይ ብቻ ነው የለቀቀው። ቱቦው ላይ የታየውን መስመር የጣለውም ይኸው ጠርዝ ነው። ቀለበቱ በጠርዝ ከያዘ አያያዙ ደካማ ነው፣ ቱቦውንም ይቆርጣል።

ማለስለስ የሚባለው ሥራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልክ 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ላይ የማለስለሻ ቅባት ተቀብቶ በሁለቱም ቀለበቶች ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይሳባል። ሁለቱም ቀለበቶች በአንድ ዘንግ ስለሚሠሩ አንድ መስመር ላይ ይወድቃሉ። ክዳኑን ለስለስ አድርጎ እየጫኑ መሥራትም ይቻላል። እኔ የታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ ሠራሁ። ቀለሙ ሦስት አራተኛው ያህል ሲለቅ አቆምኩ። ከዚያ በላይ መፋቅ ቀለበቱን ያሰፋዋል።

በጥራት የተሠሩ ቀለበቶች ይህን አይፈልጉም። ማለስለስ አስፈላጊ መሆኑን የሚነግራችሁ ቀለሙ ነው። ሳያዩ መፋቅ ደህናውን ማበላሸት ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ቅባቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ አንዲት እንዳትቀር እጠቡት። መነጽሩ ላይ ብርጭቆ ወረቀት እንደማድረግ ነው የሚሆነው።

እሑድ ማታ፣ ዓይንና ውሃ ልክ

መነጽሩን ቀለበቶቹ ላይ አስቀምጬ ክዳኖቹን እንዲይዙት ብቻ አደረግሁ። እንዲንሸራተት ነጻ ይሁን። ማጉያውን 9 ላይ አደረግሁ። ዓይን የሚቀመጥበት ቦታ ጠባብ የሚሆነው በትልቁ ማጉያ ነውና። እዚያ ከተመቸ 3 ላይም ይመቻል።

ይህን የሚያስተካክለው ተኳሹ ራሱ ነው። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ሰደፉ ላይ እንደልማዱ አሳረፈና ገለጠ። ዙሪያው ጥቁር ጥላ አለው። መነጽሩን ወደፊት ገፋሁለት። አሁንም ጨፍኖ፣ ገልጦ። ጥላው ጠፍቶ ምስሉ ሙሉ ሲሆን ያለበትን ቦታ ቱቦው ላይ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አደረግሁ። ከዚያ መሬት ተኝቶ ሞከረው። ሲተኛ ጭንቅላቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ዓይኑም ይቀርባል። ስለዚህ በሁለቱ መሐል ያለውን መረጥን። ከዓይኑ እስከ መስታወቱ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ከዚህ በጣም ከቀረበ ጠመንጃው ሲመታ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብ ይሰነጥቃል። የፊት መስታወቱ ከበርሜሉ በላይ ያለውን ክፍተትም አየሁ፤ ወረቀት ታጥፎ በነጻነት ያልፋል።

ቀጥሎ መስቀለኛው መስመር። ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ መለስኩ። ውሃ ልክ ሐዲዱ ላይ አስቀምጬ አረፋው መሐል እስኪሆን አስተካከልኩ። ጓሮው ጥግ ግድግዳው ላይ ነጭ ሲባጎ በቱንቢ ሰቅለናል። መብራት አበራሁበት። የመስቀለኛውን ቋሚ መስመር ከሲባጎው ጋር እስኪገጥም ቱቦውን በጣቴ አዞርኩት። ሰዎች ውሃ ልኩን በመነጽሩ የላይኛው ማዞሪያ ክዳን ላይ አስቀምጠው ይጨርሳሉ። ክዳኑና መስቀለኛው ሁልጊዜ አይገጥሙም። ቱንቢ ግን አይዋሽም።

ለምን ይህን ያህል? መስቀለኛው 3 ዲግሪ ቢያዘነብል ቅርብ ላይ አይታወቅም። ሩቅ ላይ ግን ጥይቱ የሚወድቀውን ለማካካስ 1 ሜትር ከፍ ስታደርጉ መነጽሩ በዝንባሌው አቅጣጫ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ይወስዳችኋል። ከዚያ ነፋስ ነው እያሉ ማማረር ይመጣል።

አሁን የክዳኖቹ ብሎኖች። እዚህ ማጣበቂያ አላደርግም። ፈሳሹ ጥርሱን ያሾልከዋል። ያኔ ቁልፉ የሚያሳየው ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ቱቦው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ደረቅ ብሎን በወረቀቱ ልክ፣ እዚህም 2 ኒውተን ሜትር። ከአንድ ወገን ወደ ሌላው በመስቀል እየተሻገርኩ፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ። አንዱ ወገን ከቀደመ ቱቦውን ይዞት ይዞራል፣ መስቀለኛውም ያዘነብላል። እየመላለስኩ ሲባጎውን አያለሁ። ስጨርስ የክዳኖቹ ክፍተት በግራም በቀኝም እኩል ነው። አግዳሚ ብሎኖቹን ደግሞ ቀለበቱን ወደፊት ገፍቼ ወረቀታቸው በሚለው ልክ። እነዚህ ከአምራች አምራች በጣም ይለያያሉ፤ የሌላ ሰው ቁጥር አትዋሱ።

መጨረሻ ላይ በየብሎኑ ራስና በአጠገቡ ባለው ብረት ላይ የሚያልፍ ቀጭን የነጭ ቀለም መስመር ሠራሁ። ብሎኑ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ያለ ቁልፍ በዓይን ብቻ ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ የለም።

ቀጣዩ ቅዳሜ፣ ተኩስ ሜዳ

ከመተኮስ በፊት መዝጊያው ወጥቶ ጠመንጃው ድጋፍ ላይ ተቀመጠ። በበርሜሉ ቀዳዳ 50 ሜትር ላይ ያለውን ዒላማ መሐል አደረግን። ጠመንጃው ሳይነቃነቅ መስቀለኛውን በማዞሪያዎቹ ወደዚያው ነጥብ አመጣነው። ይህ ጥይት ይቆጥባል። ትክክለኛ ልክ ግን አይደለም፣ የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን እንዲያገኝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ 25 ሜትር። ወረቀቱ ላይ ነው። እዚያ ላይ ብዙ አልቆየንም።

100 ሜትር ላይ ሦስቱ ጥይቶች መሐሉ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ሆነ። የዚህ መነጽር አንድ ክሊክ፣ ማዞሪያው ሲዞር አንዴ ቀጭ የሚልበት እርምጃ፣ የማዕዘን ደቂቃ ሩብ ነው። የማዕዘን ደቂቃ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ነው፤ 100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሩቡ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ወደላይ 8፣ ወደ ቀኝ 4 ክሊክ። 25 ሜትር ላይ ያው ክሊክ የሚያንቀሳቅሰው 1.8 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን አትርሱ። እዚያ ላይ ተመሳሳይ ርቀት ለመጓዝ አራት እጥፍ ክሊክ ያስፈልጋል።

ቀጣዮቹ ሦስት ነጥቡን ከበቡት። በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ይህ ክፍል ነው ወሳኙ፣ ምክንያቱም ድሮ የሚዘለው ከዚህ በኋላ ነበር። ጓደኛዬ ተኮሰ። እዚያው። ጠመንጃውን አነሳው፣ ተሸክሞት ትንሽ ዞረ፣ ተመልሶ ተኛና ተኮሰ። አሁንም እዚያው። ሁለተኛው ክምችት ጠፍቷል። ምንም አልተናገረም፣ ዒላማውን ለማምጣት ብቻ ሮጠ።

ማዞሪያዎቹንም ፈተንን። 40 ክሊክ ወደላይ፣ ተኩስ፣ 40 ክሊክ ወደታች፣ ተኩስ። ላይኛው ጥይት 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መታ፣ የኋለኛው ወደ ቦታው ተመለሰ። መነጽሩ ደህና ነው። ሊጣል የነበረው መነጽር ነው ይህ።

የነጭ ቀለም መስመሮቹን አንድ በአንድ አየን። አልተሰበሩም። የክዳኖቹን ብሎኖች በቶርክ ቁልፉ እዚያው 2 ላይ ሞከርኩ። ከመዞራቸው በፊት ቁልፉ ቀጭ አለ። ቱቦው ላይ ያለው ፕላስተር ከቀለበቱ ጠርዝ ጋር እንደተጋጠመ ነው፣ ወደፊት አልተንሸራተተም።

ለጓደኛዬ አንድ ካርድ ጻፍኩለት። ረጅም ብሎን ከኋላ፣ አጭር ብሎን ከፊት። ሐዲድ 2፣ ክዳን 2 ኒውተን ሜትር፣ ሰማያዊ ማጣበቂያ ሐዲዱ ላይ ብቻ። ቀለበቶቹ ከፊት ስንተኛው ቦይ ላይ እንደተቀመጡ። 100 ሜትር ላይ ማዞሪያዎቹ ያሉበት ቁጥር። ካርዱ የጠመንጃው መያዣ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። በሚቀጥለው ተኩስ ቀን መጀመሪያ መስመሮቹን ያያል፣ ከዚያ ይተኩሳል።